የአዴ ሶሬቲ መቀነት

ነቀምቴ ውስጥ ከእኔ ያመለጠ ሰው የለም። የፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ነበርኩ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ የተቀመጥኩ ሽማግሌ ነኝ እንጂ፣ በሥራ ዘመኔ እጄ ከገባ መጥሪያ ወይም ትእዛዝ አንዱም «ባለቤቱ አልተገኘም» ተብሎ አልተመለሰም። ባለጉዳዩ በጓሮ ሲወጣ እኔ ጓሮው ላይ ቆሜ እጠብቀው ነበር። አርጆ ገበያ ላይ አንድ በሬ ሻጭ «ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል» ብሎ ቢያሾፍብኝ፣ የበሬውን ገመድ ተቀብዬ በባዶው እጁ ወረቀቱን አስጨብጬዋለሁ። ካስፈረምኩት በኋላ በሬውን መልሼለታለሁ።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ጉቶ ጊዳ ውስጥ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፤ ፊደል ያስቆጠረኝ የለም። ማንበብ የጀመርኩት ሱቅ ውስጥ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ኋላ የፍርድ ቤቱ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ቁቤ የሚባለውን ፊደሉንም እንደዚሁ ብቻዬን ተማርኩት፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ጸሐፊዎች ሲሳሳቱ አርማቸው ነበር። አስቸጋሪ አድራሻ የመጣ እንደሆነ ዳኞቹ «እሱን ጥሩልን» ይሉ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በቀደም ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነጂ ወሬ አመጣልኝ። አዴ ሶሬቲ ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም በማግስቱ ዲጋ መሆኑን ነገረኝ። ስሙን እንዳልሰማ ሆኜ የትኛዋ ሶሬቲ እንደሆነች ጠየቅኩት።

«እኚያ እንኳን» አለ፣ መንገዱን እያየ። «ከቡና መጋዘኑ ቡና ሰርቀው የተባረሩት።»

በክፋት አልነበረም የተናገረው። አንድን ሰው ድልድዩ አጠገብ ሱቅ ያለው እንደሚሉት፣ መለያዋ አድርጎ ነው። ሰፈሬ ሳልደርስ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

አዴ ሶሬቲን ያወቅኋት በሥራ ነው። በዲጋ መውጫ ላይ አንድ ትልቅ የቡና መጋዘን ነበር፤ ዛሬም አለ። ከገጠር የመጣው ቡና በረጅም ተንቀሳቃሽ የጎማ ቀበቶ ላይ እየፈሰሰ ያልፋል፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠው የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን በእጃቸው ይለቅማሉ። አንዷ ለቃሚ በአንድ የውርስ ክርክር ምስክር ተብላ መጥሪያ ይዤላት ሄድኩ። በሩ ላይ አንዲት ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ቆማ ከየት እንደመጣሁ፣ ለማን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ከፍርድ ቤት መሆኔን በሚገባው ክብደት ነገርኳት። የፍርድ ቤት ሰው ነኝ ስል ሁሉም ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር።

«ኮቱ፣ አባ ወረቃ» አለችኝ፤ ና፣ የወረቀት አባት ማለቷ ነው። «እዚያ ጆንያ ላይ ይቀመጡ። ቡናው እያለፈ ነው፤ የእርስዎ ወረቀት አይሻግትም።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ተቀመጥኩ። ዕረፍት እስኪደወል ድረስ እንደ ተማሪ ልጅ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያስጠበቀኝ ሰው የለም። ያ ስም ደግሞ ከመጋዘኑ ወጥቶ ከተማውን ሞላው። ባጃጅ ነጂው ሁሉ አባ ወረቃ እያለ ይጠራኝ ጀመር።

እጇ አያርፍም ነበር። ስታወራም፣ ስትቆጣም፣ የሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጣም ጣቶቿ ይለቅማሉ። ጠረጴዛ ላይ ፍርፋሪ ካለ ትለያለች፤ ከአጠገቧ የተቀመጠ ሰው ልብስ ላይ ክር ካየች ሳትጠይቅ ታነሳለች። የሴቶቹ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበረች። መርጠዋት ነው ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር እሷ ቆማ እያለች ሌላ ሴት ለመምረጥ እጇን የምታወጣ ደፋር የምትገኝ አይመስለኝም። የዘገየችውን ትሳደባለች። ለሥራ አስኪያጁ ቤት እንቁላል ይዛ የሄደችን አንዲት ለቃሚ በሁሉ ፊት አስለቅሳታለች፤ ያቺ ሴት እንቁላሉን የሸጠችው እንጂ በስጦታ ያልሰጠችው እንደነበረ ኋላ ሲታወቅ አዴ ሶሬቲ ይቅርታ የጠየቀቻት በጆሮዋ ነው። ስድቡ በአደባባይ፣ ይቅርታው በሹክሹክታ። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች፤ መልአክ ናት ብዬ አልጽፍም።

ስብሰባ ስትከፍት ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበራት። «ጥቁሩ ይውጣ» ትላለች። ከቡናው መጀመሪያ የሚለቀመው የጠቆረው ፍሬ ስለሆነ፣ ለመናገር የሚያስቀይመው ነገር አስቀድሞ ይነገር ማለቷ ነው።

ጥቁሩ ነገር ፍተሻው ነበር። ለቃሚዎቹ ከሥራ ሲወጡ ቡና ይዘው እንዳይሄዱ በሩ ላይ ይፈተሻሉ። የሚፈትሹት ወንዶች ናቸው። ነጠላቸውን ማራገፍ ብቻ አይደለም፤ መቀነታቸው ውስጥ፣ ከዚያም ሌላ ቦታ እጅ ይገባል። ሴቶቹ እርስ በርስ እንኳ አይነጋገሩበትም ነበር። ቤታቸው ባላቸው፣ ልጃቸው፣ አማታቸው አለ፤ ማን ለማን ይናገራል? በመጨረሻ አዴ ሶሬቲ ሥራ አስኪያጁ በተቀመጠበት ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ በእሷ ላይ የደረሰውን ከእነቦታው ተናገረች። የሰማሁት ከአንድ በስብሰባው ላይ ከነበረ ሰው ነው። እሱም ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነው፤ እኔም እዚህ ልጽፈው እጄ ይሸማቀቃል።

የጠየቁት ትንሽ ነገር ነበር፤ ሴቶችን ሴት ትፈትሽ። የደመወዝ ነገር አላነሱም። ፍተሻውም ይቅር አላሉም። ሥራ አስኪያጁ ለሴት ጥበቃ የሥራ መደብ አልተፈቀደም አለ፤ ደግሞም ጥበቃዎቹ የሚፈትሹት በአክብሮት ነው አለ። የጥበቃው ኃላፊ ኦቦ ፈይሳ የሚባል፣ ወታደር የነበረ፣ የሴት ልጆች አባት ነው። ሰው ሲጠይቀው «ታዝዤ ነው» ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሊያስማማቸው ሞክሮ አልሆነም። ሴቶቹ ድምፅ ሰጡ፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ሥራ ለማቆም ቀን ቆረጡ።

ቀኑ ሳይደርስ የድርጅቱ ጠበቃ ፍርድ ቤት ገባ። ቡናው ወደ ውጭ የሚላክ ነው፣ የጭነት መኪናው ቀጠሮ አለው፣ ሥራው ቢቆም የማይተካ ጉዳት ይደርሳል አለ። ዳኛውም እግድ ሰጡ፤ ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ ማኅበሩ ሥራ እንዳያቆም፣ እንዳያስቆም፣ እንዳያቀዘቅዝ። ትእዛዙን እንዲያደርስ የተላከው፣ እንደተለመደው፣ እኔ ነኝ።

ትደበቃለች ብዬ ነበር። ወረቀቱ እጇ ካልገባ አላወቅንም ብለው ሥራውን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ብልሃት በየቦታው አይቻለሁ። ስለዚህ ማልጄ ወጣሁ፣ የኋላውን አጥር አስቀድሜ ዞርኩ፣ የትኛው ቆርቆሮ እንደላላ አየሁ። ወደ ፊት ለፊቱ በር ስመለስ እሷ በሩ ላይ ቆማለች።

«አካም ቡልተን፣ አባ ወረቃ?» አለች፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። «አጥሩን ዞረው ጨረሱ? ሌላውን ሰው በየጓሮው እንደሚያባርሩት ሰምቻለሁ። እኔ ወፍራም ነኝ፤ መሮጥ አልችልም።»

አፈርኩ። ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ ከዚያ እንደገና አነበበችው። እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እስከ ቀጠሮው አልኳት። ከቀጠሮው በኋላስ? ዳኛው ያውቃሉ አልኳት።

«እስከዚያ እየፈተሹን ይቆያሉ?»

«ስለ ፍተሻ የተጻፈ የለም» አልኩ።

ፈረመች። ከዚያ ጎማው እንዲቆም አላዘዘችም፤ ሴቶቹ እየለቀሙ፣ እሷ ከጎማው ድምፅ በላይ እየጮኸች ትእዛዙን ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ አንዷ ወረቀቱ ይቀደድ አለች። አዴ ሶሬቲ የመለሰችላት እንዲህ ነው፤ «ዛሬ እኛ የዳኛውን ቃል ከቀደድን፣ ነገ ለእኛ ሲፈርድልን እነሱም ይቀድዱታል። ልቀሚ።»

እኔም ወጣሁ። ስወጣ ረፍዶ የምሳ ዕረፍት ተደውሎ ነበር፤ ሠራተኛው ሊወጣ በሩ ላይ ተሰልፎ ነበርና ፍተሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁ። ከፊቴ የነበረችው ሴት በሰፈሬ የማውቃት፣ ልጆቿን የዳረች እናት ናት። አየችኝ። ሰላምታ ልሰጣት አልቻልኩም፤ እሷም እንዳላየችኝ ሆነች። እስከ ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደዚያው ነን።

ክርክሩ ተራዘመ። አንድ ጊዜ የድርጅቱ ጠበቃ ታመመ፤ አንድ ጊዜ መዝገቡ አልቀረበም፤ አንድ ጊዜ ዳኛው ስብሰባ ሄዱ። ክርክሩ በተራዘመ ቁጥር እግዱም አብሮት ይራዘማል። በአንደኛው ቀጠሮ አዴ ሶሬቲ ተነስታ ስለ ፍተሻው ልትናገር ጀመረች። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አስጨረሷት። ከጨረሰች በኋላ ግን በፊታቸው ያለው ጉዳይ አድማው ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለው እንጂ ፍተሻው አለመሆኑን፣ ያንን በራሱ መንገድ ማቅረብ እንደምትችል ነገሯት። ቁጭ አለች። አግዳሚው ላይ ከድርጅቱ ጠበቃ ጎን ነበር የተቀመጠችው። ከኮቱ ትከሻ ላይ ክር አየች፤ እጇን ሰዳ አነሳችለት። ጠበቃው ደንግጦ ሸሸ። «አይዞህ፣ ኪስህ አልገባሁም» አለችው። ዳኛው ሳይቀሩ ሳቁ። ቀጠሮው ግን ተራዘመ።

ከዚያ በኋላ ነው ያንን ነገር ያደረጉት። አንድ ቀን እንደወትሮው ሠርተው፣ የመውጫው ደወል ሲደወል ተነሱና ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጡ። ወደ በሩ አልሄዱም። እግዱ የሚለው ሥራ አታቁሙ ነው፤ ሥራ አላቆሙም። ፍተሻው ያለው መውጫው ላይ ነው፤ አልወጡም። ሥራ አስኪያጁ ለመነ፣ ዛተ። ባሎችና አማቶች ምግብ ይዘው መጡ፤ የሚጠባ ልጅ ያላቸው ልጃቸውን በአጥር ላይ እየተቀበሉ አጠቡ። እዚያው አደሩ። ጠዋት ደወሉ ሲደወል ጎማው አጠገብ በቦታቸው ተገኙ፤ ያን ቀን ያረፈደች አንዲትም ሴት አልነበረችም ብለው ኋላ ላይ በራሳቸው ቀልደዋል።

የድርጅቱ ጠበቃ እንደገና ወደ ፍርድ ቤት ሮጠ። ከቀትር በኋላ ሁለተኛ ትእዛዝ ወጣ፤ ሥራ ሲያበቃ ማንኛውም ሠራተኛ ግቢውን ለቆ ይውጣ የሚል። ቀለሙ ሳይደርቅ ይዤው ደረስኩ። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ባል፣ ወንድም፣ አባት። ደወሉ ተደወለ። ሴቶቹ በበሩ ውስጥ፣ ሰዎቹ ከበሩ ውጭ፣ እኔና ኦቦ ፈይሳ መሐል ላይ።

አዴ ሶሬቲ ወረቀቱን አልተቀበለችኝም። «ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ያንብቡልን» አለች።

አነበብኩ። ድምፄ ያን ጊዜ ጥሩ ነበር፤ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል። 

«ውጡ ይላል» አለች። «የሚነካን ማን እንደሆነ ይናገራል?»

«አይናገርም።»

«እንግዲያው እንወጣለን። ብዕሩን ያምጡ።»

ፈረመች፤ ብዕሬን መለሰችልኝ። ከዚያ ኦቦ ፈይሳ ፊት ቆማ መቀነቷን መፍታት ጀመረች።

ይህን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። በእኛ አገር እናት የሆነች ሴት መቀነቷን በወንድ ፊት ፈታ መሬት ላይ ስታስቀምጥ ስድብ ከምንለው ሁሉ ይከፋል። ፈጣሪዋን እየጠራች ነው። ያንን መቀነት ተራምዶ የሚያልፍ ወንድ የለም፤ ቆሞ የሚያይም የለም። ፊቱን ያዞራል። ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር የለም።

ብዕሬን ኪሴ እየከተትኩ ስለነበር የእሷን አየሁ። ረጅም ነጭ መቀነት ነው፤ እጥፉ ሲፈታ አንድ ቁልፍና አንድ መርፌ ቁልፍ ወደቁ። ሌላ ምንም አልነበረበትም። ከኦቦ ፈይሳ እግር ሥር አስቀመጠችው። «ፈይሳ፣ ፈትሽ» አለችው፣ በቀስታ። እሱ ወደ ኋላ ሄዶ ጀርባው ከግንቡ ጋር ተጋጨ። ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ሌላዋ ሴት መቀነቷን ስትይዝ እኔም ፊቴን አዞርኩ። ወደ መንገዱ ነበር የዞርኩት፤ መንገዱ ላይ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው። የእኔም ጀርባ ከእነሱ አንዱ ነበር። እነዚያን ሁለት ወረቀቶች ያመጣው ግን ከመካከላቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን እያሰብኩ ነበር የቆምኩት።

ከኋላዬ የጨርቅ ድምፅ እሰማለሁ። አንዷ ታስቀምጣለች፣ ታልፋለች፤ ሌላዋ ታስቀምጣለች፣ ታልፋለች። በዚህ መሐል የቡና ፍሬ ሲሚንቶ ላይ ሲፈስ ሰማሁ። በሩ ሥር ሲሚንቶ ነው። ድምፁን የማያውቅ የዚህ አገር ሰው የለም።

ሁሉም ነገር ቆመ። ሥራ አስኪያጁም ከቢሮው ደጃፍ ሆኖ ሰምቶታል። የማን እንደሆነ ሊያይ ሲዞር፣ እኔም ስዞር፣ ሴቶቹ አንድ ላይ ተፋፍገው ቆመዋል፤ መቀነቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሆነዋል፤ አዴ ሶሬቲ ቁጢጥ ብላ ከመሬት ፍሬ በፍሬ እየለቀመች ነው። እፍኝ የማትሞላ ቡና ነች። ለቅማ ስትጨርስ ተነስታ በሥራ አስኪያጁ መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት።

«የእኔ ነው» አለች።

ከዚያ የቀሩት ሴቶች ወጡ። ማንም አልፈተሻቸውም።

ድርጅቱ ግን አልተኛም። ማኅበሩ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ደፍሯል፣ ይቀጣልን ብሎ አመለከተ። ትእዛዙን ያደረስኩት እኔ ስለሆንኩ እንዴት እንደተፈጸመ እንድናገር ተጠራሁ። ያን ዕለት ኮቴን አስተኩሼ ለብሼ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። የድርጅቱ ጠበቃ ቡናውን አነሳ፤ ፍተሻው ለምን እንዳስፈለገ ይኸው ታየ፣ ሊቀ መንበሯ ራሷ ሌባ ናት አለ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩና ያየሁትን ጠየቁኝ።

እውነቱን ተናገርኩ። የሌሎቹን አላየሁም፣ ፊቴን አዙሬ ነበር፤ የእሷን ግን አይቻለሁ፣ መቀነቷ ውስጥ ቡና አልነበረም አልኩ። ስናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት መጥፎ ወረቀት ያመጣሁላት ሴት ናት፤ አሁን ስሟን በአንድ ቃል ላጥብላት ነው ብዬ ነበር።

አዴ ሶሬቲ ሳይፈቀድላት ተነሳች።

«ክቡር ዳኛ፣ አባ ወረቃ ደግ ሰው ናቸው» አለች። «ግን አርጅተዋል። ዓይናቸው አያይም። በቀደም መጋዘን መጥተው ጆንያውን ሰው መስሏቸው ሰላም ሲሉት አይተናል። ቡናው የእኔ ነው ብያለሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሐሰት ነው። ጆንያ ሰላም ብዬ አላውቅም። ዓይኔ እስከ ዛሬ በመርፌ ክር ያስገባል። ዳኛው ግን ፈገግታቸውን ደብቀው «ይቀመጡ፣ አባት» አሉኝ። አባት ብለውኝ አያውቁም ነበር። ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ሴቶቹ ወደተደረደሩበት አግዳሚ አየሁ፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ከመካከላቸው አንዷ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አላወቅኩም። አዴ ሶሬቲ ግን ታውቅ ነበር፤ እኔ የእሷ አይደለም ባልኩ ጊዜ የሚቀጥለው ጥያቄ የማን ነው የሚል እንደሚሆንም አውቃለች። እኔ ይህን ሁሉ እዚያው፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ ተረድቼዋለሁ። አልገባኝም ነበር ብዬ አላመካኝም።

ዳኛው ሥራ ስላልቆመ፣ ሠራተኞቹም ስለወጡ ትእዛዝ አልተጣሰም ብለው አቤቱታውን ዘጉት። የቡናው ነገር የአሠሪው ጉዳይ ነው አሉ። አሠሪውም ጉዳዩን ጨረሰው፤ በማግስቱ አዴ ሶሬቲ በስርቆት ተባረረች። ኦቦ ፈይሳና ሌሎቹ ጥበቃዎች ግን ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ በር ላይ ሴት አንነካም አሉ፤ እሺ ብሎ የሚፈትሽ አንድም አልተገኘም። ብዙ ሳይቆይ ሁለት ሴት ፈታሾች ተቀጠሩ። ዛሬ እዚያ የሚሠሩት ሴቶች ድሮም እንዲሁ የነበረ ይመስላቸዋል።

እኔ ግን ተቀየምኳት። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል። ስሟን ሰጥታ ልጆች ያሏትን አንዲት እናት እንዳዳነች አውቃለሁ፤ የተቀየምኩት ግን በዓይኔ ስለቀለደች ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ወጣቶቹ «አባት፣ መነጽር አለዎት?» ይሉኝ ጀመር። ከመንገድ ሥራ አንስተው መዝገብ ቤት አስቀመጡኝ። ለዚያ ሁሉ ጥፋተኛዋ እሷ ናት አልኩ። ጎመን እየሸጠች ገበያ ላይ ስታየኝ በሩቁ «አባ ወረቃ!» ትላለች። እንዳልሰማሁ ሆኜ አልፋለሁ። ዓይኔ አያይም ከተባለ ጆሮዬም አይስማ ብዬ ነበር፤ በዚህች ብልጠቴ ደግሞ ለራሴ እስቅ ነበር።

አንድ እሑድ ከወንድሟ ጋር ቤቴ መጣች። ወንድሟ እርጥብ ሣር በእጁ ይዟል። እዚህ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ለይቅርታ ደጅህ ከቆመ፣ ወንድምህን የገደለም ቢሆን ወጥተህ ትሰማዋለህ። አለመስማት ነውር ነው፤ ልጆችህ ሳይቀሩ ያፍሩብሃል። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገብታ «ኧረ ተነስ፣ ሣር ይዘው ነው» አለችኝ። የለም በያቸው አልኳት። ዋሽታ ታውቃለች? አልቻለችበትም። እሷ በሩ ላይ ስትንተባተብ እኔ በጓሮ ወጣሁ። ጎረቤቴ ያለቅጥ ዘግይቼ ስመለስ አግኝቶኝ፣ ሰዎቹ ብዙ ቆመው እንደሄዱ፣ ሴትየዋም ስትጠብቅ ከአጥራችን ላይ ደረቅ ቅጠል ስትለቅም እንደነበረ ነገረኝ። ሣሩን ባለቤቴ ከደጃፉ አንስታ ውኃ ውስጥ አስቀመጠችው። እስኪደርቅ ድረስ ስለሱ አልተነጋገርንም።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ወደ ዲጋ፣ ወደ ወንድሟ ዘንድ ሄደች ሲሉ ሰማሁ። ቅር አላለኝም፤ ገበያው ቀለለኝ። ዛሬ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይሞቃል።

ባጃጁ ውስጥ ወሬውን ከሰማሁ በኋላ ያደረግኩትን ልናገር። በማግስቱ ማልጄ ዲጋ ሄድኩ። ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ሳላስፈቅድ አካፋ ተቀብዬ አፈር አለበስኩ። ወንድሟን አግኝቼ፣ ሣር ይዘህ የመጣህ ቀን ቤት ነበርኩ አልኩት፤ ቦታ ለቀቀልኝ። ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ከመጋዘኑ የመጡት ሴቶች በወዲያኛው ወገን ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። አንድ ሰው ስለ ቡናው ማንሳቱ አልቀረም። የእሷ አልነበረም አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ በአፋን ኦሮሞ፣ ያኔ በሩ ላይ ትእዛዙን ባነበብኩበት ድምፅ ነው ያልኩት። ታዲያ የማን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። በሴቶቹ በኩል ለቅሶው ቀጥ አለ። ወደዚያ አልዞርኩም።

ዓይኔ አያይም አልኩት።